በስውር ስለሚታጠቁት ሽጉጥ

አንድ ምእመን አምሽቶ ስለሚገባ፥ በፈቃድ የያዘውን ሽጉጥ በካፖርቱ ሥር ቢታጠቅ ኃጢአት ይሆንበት እንደ ሆነ ጠየቀን። ያለ ፈቃድ ቢሆን ኖሮ መልሳችን ባጠረ ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177 ይከለክለዋልና።

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22፥ ሌሊት ቤት ሲሰረስር ተመትቶ የሞተ ሌባ ደሙ በመታው ላይ አይቈጠርም፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ግን ይቈጠራል። በጨለማ የመጣው ለገንዘብ ይሁን ለነፍስ አይታወቅም፤ በብርሃን ግን ይታያል፥ ጎረቤትም ይጠራል። እንግዲህ መሸሽ የሚችል አይምዘዝ፤ ስለ ገንዘብም አይተኵስ። ጴጥሮስ የቈረጠውን የማልኮስን ጆሮ ጌታ ፈወሰው፤ የእኛን ጥይት ግን ማን ይመልሰዋል?

«መጠጥ ወዳለበት፥ ከተጣላኸውም ሰው ዘንድ ስትሄድ ሽጉጥህን ከቤት ቈልፈህ አስቀምጥ» አልነው። አንገቱን ደፋ። ለካ ከወንድሙ ጋር በአባታቸው ቤት ይካሰስ ኖሯል።