የበሩ ሕግና የቤቱ ዕዳ

ሰው ቤት ሲሠራ ግድግዳና በር አብሮ ይሠራል። ግድግዳው የራሱን ከሌላው ይለይለታል፤ በሩ ከሌላው ጋር ያገናኘዋል። በር የሌለው ግድግዳ መቃብር ነው፤ ግድግዳ የሌለው በርም ለማንም አይጠቅምም። አገርም እንዲሁ ነው። ስለ ድንበር ጥበቃና ስለ ፍልሰት በየአገሩ ሸንጎ የሚደረገው ክርክር ሲጨመቅ፣ በሩን የመዝጋት መብት የማን ነው? ያ መብትስ እስከ ምን ድረስ ይሄዳል? ወደሚሉት ጥያቄዎች ይመለሳል። እነዚህም የፖለቲካ ጥያቄዎች ከመሆናቸው በፊት የሥነ ምግባር ጥያቄዎች ናቸው።

ጉዳዩ ጥንታዊ መሆኑን ተውኔት ይመሰክራል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት የኖረው ግሪካዊው ኤስኪለስ «ተማጻኞቹ» በተባለው ሥራው የዳናዖስን ልጆች ከግብፅ ወደ አርጎስ ያመጣቸዋል። ልጃገረዶቹ ያለ ፈቃዳቸው ሊያገቧቸው ከሚያሳድዷቸው የአጎታቸው ልጆች ሸሽተው በአማልክት ምስል ሥር ይወድቃሉ። ንጉሡ ፔላስጎስ በሁለት እሳት መካከል ይቆማል። ቢቀበላቸው በሕዝቡ ላይ ጦርነት ይጠራል፤ ቢመልሳቸው የተማጻኝ ደም በከተማይቱ ላይ ይሆናል። ስለዚህ ብቻውን መወሰን አይሻም፤ ነገሩን ለሕዝብ ሸንጎ ያቀርባል፤ ሸንጎውም እጁን አንሥቶ ይቀበላቸዋል። ኤስኪለስ ደግነትን ብቻ አልሰበከም። ደግነት ዋጋ እንዳለው፣ ዋጋውን የሚከፍለው ሕዝብም አስቀድሞ ሊጠየቅ እንደሚገባው አሳየ። ሆኖም በዚያ ሸንጎ ውስጥ ልጃገረዶቹ ራሳቸው አልተገኙም፤ ውጭ ሆነው ፍርዳቸውን ይጠባበቁ ነበር። ከዚያን ጊዜ ወዲህ በየሸንጎው ይኸው ሥርዓት ጸንቷል፤ ስለ እንግዳው ይነገራል እንጂ እንግዳው አይናገርም፤ ሕጉ የሚወጣበት ሰው ድምፅ የለውም።

በቅርቡ ዘመን ይህን ክርክር እንደ አሜሪካ ኮንግረስ ለረጅም ጊዜና በግልጽ ያካሄደ ሸንጎ ጥቂት ነው። በ1924 ዓ.ም. (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የጆንሰንና ሪድ ሕግ ለየአገሩ የመግቢያ ኮታ ወሰነ። ኮታው የተሰላው በ1890 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ላይ በመቶ ሁለት እየታሰበ ነበር። ያ አሮጌ ቆጠራ የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ከደቡብና ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡት ኢጣልያውያን፣ አይሁድና ስላቮች ገና ሳይበዙ የተደረገ በመሆኑ የእነርሱን ድርሻ ያሳንሳል። የእስያ ሰዎች ከነጭራሹ ተከለከሉ። ለኢትዮጵያ የደረሳት ዝቅተኛው ኮታ፣ በዓመት 100 ሰው ነበር። የድንበር ጠባቂው ኃይልም በዚያው ወር ተቋቋመ። በኒውዮርክ ወደብ ላይ በቆመው የነፃነት ሐውልት ውስጥ ግን ስደተኛን የሚቀበለው የኤማ ላዛረስ ግጥም በነሐስ ተቀርጾ ከተሰቀለ ሃያ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር። ግጥሙና ሕጉ በአንድ ከተማ ደጃፍ ላይ ተቃርነው ቆሙ።

በዚያው በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ከአርመን ዕልቂት የተረፉ አርባ ወላጅ አልባ ልጆችን በኢየሩሳሌም አግኝተው ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ወጣቶች የሙዚቃ ጓድ ሆኑ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። ይህ ለመመካት የሚነገር ታሪክ አይደለም፤ ተመርጠው የተጠሩ አርባ ልጆችን መቀበልና ሳይጠሩ የሚመጡ ሚሊዮኖችን ማስተናገድ አንድ አይደለም። ቁም ነገሩ ሌላ ነው። የሕግ አውጪው መዝገብ የሚቆጥረው የሚገባውን አፍና የሚቀመጠውን አካል ነው፤ ከሰውዬው ጋር የሚገባውን ዜማ የሚቆጥርበት ዓምድ የለውም።

በ1924ቱ ክርክር ሕጉን ከተቃወሙት መካከል የብሩክሊኑ ወጣት እንደራሴ ኢማኑኤል ሴለር ነበሩ። በጊዜው ተሸነፉ። ከ41 ዓመት በኋላ፣ በ1965፣ የዘር ኮታውን የሻረው ሕግ በእርሳቸውና በሴናተር ፊሊፕ ሃርት ስም ወጣ፤ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰንም ከነፃነት ሐውልት ሥር ሆነው ፈረሙት። ዳሩ ግን ያ የፍትሕ ሕግ ራሱ ሌላ በር ዘጋ። ከሜክሲኮና ከሌሎች የአሜሪካ አህጉር አገሮች ለሚመጡት ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቅላላ ገደብ ተጣለ። ከ1942 እስከ 1964 የሜክሲኮን ገበሬዎች በውል ወደ አሜሪካ እርሻ ሲያመጣ የነበረው የብራሴሮ ሥርዓትም ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አብቅቶ ነበር። እርሻው ያው ነበር፤ ሠራተኛውም ያው፤ አሠሪውም ያው። ትናንት በውል ቀን የገባው ሰው ከዚያ ወዲያ በሌሊት ገባ፤ ስሙም «ሕገ ወጥ» ተባለ። «ሕገ ወጥነት» እንግዲህ የሰው ባሕርይ ሳይሆን ሕግ በአንድ ወቅት ከአንድ ሰው ጋር የሚኖረው ግንኙነት መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አይገኝም።

ይህ ማለት ድንበር የማስከበር ጥያቄ የጥላቻ ልጅ ብቻ ነው ማለት አይደለም። ክርክሩን በቅንነት የሚመረምር ሰው ለሌላውም ወገን ጆሮውን መስጠት አለበት። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የእርሻ ሠራተኞችን ማኅበር የመሩት ሴሳር ቻቬዝ፣ ራሳቸው የሜክሲኮ ተወላጆች ልጅ ሲሆኑ፣ አሠሪዎች ፈቃድ የሌላቸውን ሠራተኞች አድማ ለመስበር ማምጣታቸውን አጥብቀው ተዋግተዋል። በድሀው ሠራተኛ እጅ ያለው ብቸኛ መሣሪያ «አልሠራም» ማለት ነው፤ ያንን መሣሪያ የሚያዶለድም ሁሉ ያስፈራዋል። በ1986 ፕሬዚዳንት ሬገን የፈረሙት ሕግም ሁለቱን ወገን ያስማማል ተብሎ የወጣ ነበር። ያለ ፈቃድ ሲኖሩ ከነበሩት መካከል ወደ 2.7 ሚሊዮን የሚሆኑት ሕጋዊ ኑሮ አገኙ፤ በአንጻሩ ፈቃድ የሌለውን እያወቀ የሚቀጥር አሠሪ እንዲቀጣ ተደነገገ። የመጀመሪያው ቃል ተፈጸመ፤ ሁለተኛው በወረቀት ቀረ። አሠሪው የሠራተኛው መታወቂያ እውነተኛ መስሎ ከታየው ይበቃው ስለነበር፣ የሐሰት ወረቀት ራሱን የቻለ ንግድ ሆነ። «በመጀመሪያ ድንበሩ ይጠበቅ» የሚለው ወገን ይህን አልረሳም፤ አለመርሳቱም አያስነቅፈውም።

ሆኖም የሕጉ ዱላ በተግባር ያረፈው በማን ላይ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። በ1986 የአሠሪዎችን ቅጣት ደግፎ የነበረው ታላቁ የአሜሪካ ሠራተኞች ማኅበራት ፌዴሬሽን በ2000 አቋሙን ለውጦ ቅጣቱ እንዲሻር ጠየቀ። አሠሪውን ይገራል የተባለው ልጓም በሠራተኛው አፍ ገብቶ ተገኝቷልና፤ ማኅበር ሊያቋቁም የተነሣውን ሠራተኛ «ወረቀትህን አምጣ» ብሎ ማስፈራሪያ ሆነ። ከ1994 ጀምሮም ጥበቃው በሳንዲያጎና በመሳሰሉት ከተሞች ሲጠናከር፣ ተጓዡ ወደ አሪዞና በረሃ ዞረ፤ በኋላ በነበሩት ዓመታትም ሺዎች በውኃ ጥምና በሐሩር አለቁ። የ1996ቱ ሕግ ደግሞ ያለ ፈቃድ ከአንድ ዓመት በላይ ኖሮ የወጣ ሰው ለ10 ዓመት እንዳይመለስ ከለከለ። ቀድሞ መኸር ሲያበቃ ወደ ልጆቹ ይመለስ የነበረው ሰው፣ ከወጣ እንደማይገባ ስላወቀ በዚያው ቀረ። እንዳይገቡ የታጠረው አጥር እንዳይወጡም አጠረ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ የመክሸፍ ታሪክ ነው። በ2005 የተወካዮች ምክር ቤት ያለ ፈቃድ መኖርን ከባድ ወንጀል የሚያደርግ ረቂቅ አሳለፈ፤ በ2006 ሚሊዮኖች አደባባይ ወጥተው ተቃወሙት፤ ሕግ ሳይሆንም ቀረ። በ2013 ሴኔቱ 68 ለ32 በሆነ ድምፅ አንድ ሰፊ ረቂቅ አጸደቀ፤ የድንበር ጠባቂውን ቁጥር እጥፍ የሚያደርግ፣ በውስጥ ላሉትም የ13 ዓመት የዜግነት መንገድ የሚከፍት ነበር። የተወካዮች ምክር ቤት ግን ለድምፅ እንኳ አላቀረበውም። በ2024 መጀመሪያ ከሁለቱም ፓርቲዎች የተውጣጡ ሴናተሮች ያዘጋጁት የድንበር ሕግ፣ ዶናልድ ትራምፕ ከተቃወሙት በኋላ፣ ከግራም ከበዛበት ወቀሳ ጋር፣ 49 ለ50 ወደቀ። በ2025 መጀመሪያ የወጣው ሕግ ፈቃድ የሌለው ሰው በስርቆትና በመሳሰለው ተይዞ ከሆነ፣ ጥፋተኝነቱ በፍርድ ቤት ሳይረጋገጥ እንዲታሰር አዘዘ። በዚያው ዓመት አጋማሽም በሴኔቱ በምክትል ፕሬዚዳንቱ ድምፅ 51 ለ50 ያለፈው የበጀት ሕግ ለግንብ ወደ 46 ቢሊዮን፣ ለእስር ቤቶች 45 ቢሊዮን ዶላር ያህል መደበ። ለበሩ የሚያስፈልገው ገንዘብ ተገኘ፤ የቤቱ ጥያቄ ግን ሳይመለስ ቀረ።

የቤቱ ጥያቄ የተባለው ምንድን ነው? ፈላስፎች በዚህ ላይ ተከራክረዋል። ማይክል ዋልዘር በ1983 እንዳስረዱት፣ አንድ ሕዝብ አባላቱን የመምረጥ መብት ከሌለው የጋራ ሕይወቱን ጠብቆ ሊኖር አይችልም። ጆሴፍ ካረንስ በ1987 ባቀረቡት መልስ የሀብታም አገር ዜግነትን ከጥንቱ የባላባትነት ማዕረግ ጋር አመሳስለውታል፤ ሰው ሳይደክምበት በልደት ብቻ ይወርሰዋልና፤ ይህን የውርስ ጥቅም በጠመንጃ መጠበቅ በምን ፍትሕ ይደገፋል? ሲሉም ጠይቀዋል። ሁለቱ ስለ በሩ አይስማሙም። የሚያስገርመው ግን የበሩን መብት የሚደግፉት ዋልዘር ራሳቸው ስለ ቤቱ ሲናገሩ ጨክነው መፍረዳቸው ነው፤ ሰውን አስገብቶ እያሠሩ ከዜግነት አግልሎ መግዛት በእርሳቸው ዘንድ የአምባገነንነት ዓይነት ነው።

በዚህ ላይ ክርክሩ ሁሉ የተመሠረተበትን የቤትና የእንግዳ ምሳሌ መመርመር ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ገጠር የመሸበት መንገደኛ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል፤ «ቤት ለእንግዳ» ይባላል፤ እግሩ ይታጠባል፤ ነግቶ ይሄዳል። እንግዳው የሌሊቱ ነው፤ ባለቤቱም የበሩ ጌታ ነው። ይሁን እንጂ ሃያ ዓመት ያረሰ፣ የገነባ፣ ሕመምተኛ ያስታመመ፣ ግብር የከፈለ፣ በዚያው ልጅ ወልዶ ያስተማረ ሰው እንግዳ አይባልም። ባለቤቱ በፊት በር «አትግባ» እያለ በጓሮ በር ካስገባው፣ ላቡንም ከጠጣ፣ በመጨረሻ «ከመጀመሪያው አልፈቀድኩልህም» ሊለው አይችልም። በጓሮ የተሰጠ ፈቃድ በሕግ መጽሐፍ ባይጻፍም በሕሊና መዝገብ ይጻፋል። ያ ነው የቤቱ ዕዳ። ጊዜ ሲረዝም የበሩ መብት ይከስማል፤ የቤቱ ዕዳ ይከብዳል።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። በጓሮ የገባ ሁሉ ቆይቶ ባለመብት ከሆነ፣ በፊት በር ተራውን የሚጠብቀው ሰው ምን ይባላል? ትዕግሥቱ ሞኝነት አይሆንምን? ተቃውሞው እውነት አለው። መልሱም የጓሮው በር ዕዳ ይከፈል፣ ከዚያም በእውነት ይዘጋ የሚል ነው። መዝጊያው ግን ሠራተኛውን በበረሃ በመግደል ሳይሆን አሠሪውን በመጠየቅ ይጀምራል፤ በፊት በርም ሥራው የሚጠይቀውን ያህል ሰው በሕግ በማስገባት ይፈጸማል። አንዱን ግማሽ ብቻ መፈጸም የ1986ቱን ስሕተት ከአንዱ ወይም ከሌላው ወገን መድገም ነው።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። የ1980 የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ጥገኝነትን በርዕዮተ ዓለምና በመልክዓ ምድር ከመወሰን ካላቀቀው በኋላ፣ በሱዳን መጠለያዎች የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በዚያ በር ገብተዋል፤ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ደግሞ «ዲቪ» የሚባለው ዕጣ በየቤቱ የታወቀ ቃል ሆኗል። ኢትዮጵያም ራሷ ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማልያ፣ ከኤርትራና ከሱዳን የሸሹትን በብዛት የምታስተናግድ ባለ በር አገር ናት፤ በ2019 ምክር ቤቷ ያጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ለስደተኞች የመሥራትና የመንቀሳቀስ መብትን በሕግ አውቋል። የተጻፈው በተግባር እንዲውል የሚቀረው ሥራ ግን ከሕጉ ይበዛል። በሌላው ደጅ የሚጠየቀው ፍትሕ በራስ ደጅም ይጠየቃል።

በኢትዮጵያ ልማድ የተበደለ ሰው «በሕግ አምላክ!» ሲል ጉልበተኛው ይቆማል፤ የተነሣው ዱላ ይወርዳል። ያ ቃል ኃይል ያገኘው ከጦር ብዛት አይደለም፤ ባለጋራም ሆነ መንገደኛ፣ ባላገርም ሆነ እንግዳ፣ ማንም ሊጠራው በመቻሉ ነው። የአንድ አገር የድንበር ሕግ የሚመዘነውም በዚሁ ሚዛን ነው። ሕጉ ሊከለክል ይችላል፤ ሊመልስም ይችላል። የሚከለከለውና የሚመለሰው ሰው ግን በዚያው ሕግ ስም «ስሙኝ» ለማለት ካልቻለ፣ በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ እንጂ ሕግ አይደለም። ኤስኪለስ ውጭ ያስቀራቸው ልጃገረዶች ወደ ሸንጎው ሊገቡ የሚችሉበት መንገድ ይህ ብቻ ነው፤ የሚፈርዱት ሰዎች እጃቸውን ከማንሣታቸው በፊት፣ ከግድግዳው ውጭ ያለው ድምፅ በሕጉ ውስጥ ስፍራ ሊያገኝ ይገባዋል።