ቡና ሲቆላ የሚወጡት እማማ

ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር በሚበቅልበት አንድ ሰፈር፣ ቡና ሲቆላ ከቤት የሚወጡ አንዲት እናት ነበሩ። ምጣዱ ላይ ፍሬው መንጣጣት ሲጀምርና ጭሱ ሲነሳ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ብድግ ይላሉ። በቡና አገር ከቡና የሚሸሽ ሰው ምን ይባላል? አንዱ «ዛር ነው» አለ። ሌላው «ልጃቸው ከጠፋ ወዲህ አእምሯቸው ተነክቷል» አለ። ቀስ በቀስ ቡና ጠጡ ብሎ የሚጠራቸው ጠፋ።

በዚያው ሰፈር ልቦለድ የምትጽፍ ወጣት ነበረች። የአእምሮ ሐኪሙ ዶክተር ምሕረት ደበበ የጻፉትን «የተቆለፈበት ቁልፍ» ካነበበች ጀምሮ፣ ስለ አእምሮ የተጻፈ ነገር ካገኘች ሳታነብ አታድርም። ሽታ ስሜትንና ትዝታን ወደሚያስተናግዱት የአንጎል ክፍሎች፣ ወደ አሚግዳላና ወደ ሂፖካምፐስ፣ በአጭር መንገድ እንደሚደርስ ባነበበች ቀን እማማ ትዝ አሏት። በዚያው ሌሊት ብዕር አነሳች።

ጎረቤት ለጎረቤት እየዞረች ጠየቀች። አንዱ ልጁን ወንዝ ወሰደው አላት። አንዱ ለለቀማ ወደ በበቃ ቡና እርሻ ከመጡ ሰዎች ጋር አገር ጥሎ ሄደ አላት። ሁሉም የሰማውን ጨማምሮ ነገራት፤ የጎደለውን እሷ ሞላችው። በልቦለዱ ውስጥ የልጁ መርዶ የመጣው ቡና እየተቆላ ሳለ ነው፤ ሽታው በተነሳ ቁጥር እናትየዋ መርዶውን እንደ አዲስ ይሰማሉ፤ በመጨረሻው ምዕራፍ ሽታውን ሲሸሹ ወንዝ ይገባሉ። ያነበበችላቸው ጓደኞቿ አለቀሱ። አዲስ አበባ ያለ አንድ አሳታሚም «ቶሎ ላኪው» አላት።

ልትልክ በተዘጋጀችበት ዋዜማ እማማ ራሳቸው መጥተው በሯ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ ስለ እኔ ጽፈሻል አሉ።»

«አዎ እማማ።»

«እንዲያው መጨረሻዬ ምን ሆነ?»

ደብተሩ እጇ ላይ ነበር። እማማ ማንበብ አይችሉም፤ ደስ የሚል መጨረሻ ፈጥራ ብትነግራቸው ማንም አያውቅባትም። እሷ ግን እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፍሬደሪክ ባርትሌት እ.ኤ.አ. በ1932 ያሳተመው መጽሐፍ ትዝ አላት። ሰዎች የሩቅ አገር ተረት እንዲያነቡ አድርጎ ቆይቶ ሲጠይቃቸው፣ እንግዳ የሆነባቸውን እየጣሉ፣ የለመዱትን እየተኩ፣ ተረቱን የራሳቸው አድርገውት ነበር።

«አልጨረስኩትም» አለች። «እርስዎ ይንገሩኝ። ቡና ሲቆላ ለምንድን ነው የሚወጡት?»

እማማ ትንሽ ዝም አሉ። ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

«ልጄ ቡና ይወዳል። የትም ይዋል፣ ሽታው ከደረሰው ሳይጠሩት ይመጣል። ሥራ ብሎ ወጣ፣ አልተመለሰም፤ መርዶም አልመጣልኝ። መጥቶ እንደሆነ ብዬ መንገዱን ለማየት ነው የምወጣው።»

ወጣቷ ስለ ሽታ ያነበበችው ትክክል ነበር። ሽታው ልጁን ያመጣው ነበር፤ ሕያው አድርጎ።

የመጨረሻዎቹን ምዕራፎች እዚያው ቀደደቻቸው። ለአሳታሚውም አልደረሰም ብላ መልስ ሰጠች። በማግስቱ ቄጠማውን ከአጥሩ በር አጠገብ ጎዘጎዘች፤ ረከቦቱን መንገዱ ወለል ብሎ ወደሚታይበት አወጣች፤ እማማንም ጠራች። ጎረቤቶች እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ዱካቸውን ይዘው ወጡ። ቡናው ተቆላ። እማማ እንደ ልማዳቸው ሊነሱ ከጀሉ፤ ቀና ሲሉ መንገዱ ፊት ለፊታቸው ነው። ተቀመጡ። አቦልን ጠጡ፣ ቶናን ጠጡ፣ በረካው ላይ ስለ ልጃቸው ማውራት ጀመሩ። ያወሩት ከእነዚያ ሁሉ ጎረቤቶች አንዱም ያልሰማውን ነበር።

አሁን በዚያ ሰፈር የቡናው ተራ የማንም ይሁን፣ የሚፈላው መንገዱ በሚታይበት በኩል ነው። ልቦለዱ ገና አልታተመም። ወጣቷ አንድ ምዕራፍ በጨረሰች ቁጥር በመጀመሪያ የምታነበው ለእማማ ነው፤ እሳቸው «እንዲህ አይደለም» ያሉትን ትሰርዛለች።