ወደ ከተማ ማንን ልታይ ትሄዳለህ?

ይህችን ትንሽ ጽሕፈት በእጅህ የያዝህ ተማሪ ወንድሜ ሆይ፤ አንቺም እኅቴ ሆይ፤ ዛሬ የምንነጋገረው ትንሽ ስለሚመስል ነገር ነው፤ ይኸውም ተማሪ ቅዳሜንና እሑድን በታላቅ ከተማ ከሚኖር ባልንጀራው ጋራ ለማሳለፍ ስለሚሄደው መንገድ ነው። ምናልባት፥ «ይህ ስብከት የሚያስፈልገው ነገር ነውን? ቅዳሜ ሄዶ እሑድ መመለስ ምን ምስጢር አለው?» ትል ይሆናል። ዳሩ ግን የሰው ልብ የሚታወቀው በታላላቅ ነገር ብቻ አይደለም፤ በሁለት ቀን እንግድነትም ይታወቃል።

ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ ታስሮ ሳለ ለጢሞቴዎስ በጻፈው በሁለተኛው መልእክት፥ በመጀመሪያው ምዕራፍ ከቍጥር 16 እስከ 18፥ አንድ እንግዳን በምስጋና ያነሣል። የዚህ እንግዳ ስም ሄኔሲፎሩ ይባላል፤ አስቀድሞ በኤፌሶን ብዙ ያገለገለ ሰው ነበረ። ወደ ሮሜ በመጣ ጊዜ ጳውሎስን ተግቶ ፈለገው፥ አገኘውም። በእስራቱም አላፈረበትም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ብዙ ጊዜም ልቡን አሳረፈለት።

ይህን ነገር አቅልለን አንየው። ሮሜ በዚያን ዘመን የታላቅ መንግሥት መናገሻ ነበረች፤ የታሪክ ሊቃውንትም ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ እንደ ነበረባት ይገምታሉ። አደባባይዋ፥ የመታጠቢያ ቤቶቿ፥ የሰረገላ እሽቅድምድም የሚደረግበትም ሜዳዋ የእንግዳን ሁሉ ዐይን ይስቡ ነበር። እንደ ዛሬ በስልክ ጠርቶ፥ «የት ነህ?» ማለትም አልነበረም። ሄኔሲፎሩ ግን በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል እየጠየቀ አንድ እስረኛ ፈለገ። ስለ ሮሜ ግንብ ምን እንዳየ ቅዱስ መጽሐፍ አልነገረንም፤ ማንን እንደ ፈለገ ግን ነገረን።

እንግዲህ ነገሩ ወደ ልባችን እንዲቀርብ፥ በዘመናችን ብዙ ጊዜ የሚሆነውን በአንድ ተማሪ ምሳሌ ልግለጠው።

በደብረ ብርሃን በዩኒቨርሲቲ የሚማር አንድ ወጣት ነበረ። አብሮ አደግ ባልንጀራም ነበረው፤ ሁለቱ ከአንድ መንደር የወጡ፥ በአንድ ወንበር ተቀምጠው ፊደል የቈጠሩ ነበሩ። የመጨረሻው ፈተና ግን ለያያቸው፤ አንደኛው አለፈ፥ ሁለተኛው ወደቀ። የወደቀውም ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ገባ። ከዚያም በስልክ፥ «ደኅና ነኝ፤ ጥሩ ሥራ አግኝቻለሁ» እያለ፥ ከረጃጅም ፎቆች ሥር ቆሞ የተነሣውን ፎቶግራፍ ይልክለት ነበር።

ተማሪው አንድ ቅዳሜ ማለዳ ተነሣ። ከደብረ ብርሃን እስከ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አውቶቡሱም በጫጫ፥ በሸኖ፥ በአለልቱና በሰንዳፋ አልፎ በለገጣፎ በኩል ወደ ከተማዪቱ ይገባል። በመንገድ ሁሉ የሚያስበው ስለሚያየው ነገር ነበረ፤ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ስለ ጀመረው ከአያት እስከ ጦር ኀይሎች ስለሚሄደው ባቡር፥ ስለ ብሔራዊ ሙዚየም፥ ስለ መርካቶ፥ ስለ እንጦጦ መናፈሻ ያስብ ነበር። ስለ ባልንጀራው ግን ያሰበው፥ «ይህን ሁሉ እርሱ ያሳየኛል» ብሎ ብቻ ነበረ።

ባልንጀራው በላምበረት መናኸሪያ ቆሞ ጠበቀው፤ አቅፎም ሳመው። ቀኑን ሁሉ እያዞረ አሳየው፤ የባቡሩንም፥ የምሳውንም፥ የቡናውንም ሒሳብ እርሱ ከፈለ። ተማሪው፥ «እኔ ተማሪ ነኝ፤ እርሱ ግን ደመወዝተኛ ነው» ብሎ እጁን ወደ ኪሱ አልሰደደም። በመሸ ጊዜ በከተማዪቱ ዳር ወዳለች አንዲት ክፍል ገቡ፤ ግድግዳዋ ቆርቆሮ ነበረ፥ በውስጧም ከአንዲት ፍራሽ በቀር ይህ ነው የሚባል ዕቃ አልነበረም። ተማሪውም፥ «በፎቶግራፍ ያየሁት ኑሮ ይህ ነውን?» ብሎ በልቡ አጕረመረመ። ባልንጀራው ግን ብርድ ልብሱን አልብሶት፥ «መንገድ አድክሞሃል፤ ተኛ» አለው።

በሌሊት ተማሪው ነቃ። ባልንጀራውንም ጃኬቱን ደርቦ፥ ጕልበቱን አቅፎ፥ በግድግዳው ጥግ ተቀምጦ አየው። «ስለ ምን አትተኛም?» ቢለው፥ «እንቅልፍ እንቢ አለኝ» ብሎ መለሰለት። ተማሪውም ይህን አምኖ ተመልሶ ተኛ።

እሑድ ከጸሎት ሲመለሱ፥ የቤቱ ባለቤት የሆኑ አንዲት አሮጊት ቡና አፍልተው ጠሩአቸው። ባልንጀራው ውሃ ሊቀዳ በወጣ ጊዜ እኒያ እናት ተማሪውን እንዲህ አሉት፤ «ልጄ፥ እንኳን መጣህ። አንተ ትመጣለህ ብሎ እንዴት ደስ እንዳለው! ለአንተ ብሎ ትናንት ከሸክሙ ሥራ ቀረ። ብርድ ልብስም ያለው ያችው አንዲቱ ናት፤ ሌሊቱን እንዴት አደራችሁ? የኪራዩን ነገር እንደ ሆነ ግድ የለም፥ እኔ እታገሠዋለሁ።»

አንባቢ ሆይ፤ የተማሪው ልብ በዚያን ጊዜ እንዴት እንደ ሆነ አስብ። በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ስሟ ከታወቀች ከተማ ባዶ እጁን መጥቶ፥ የባልንጀራውን አንዲት ብርድ ልብስ ተከናንቦ አደረ። ቀኑን ሲበላው የዋለውም ለቤት ኪራይ የተቈጠበ ገንዘብ ነበረ። ከተማዪቱን ሁሉ አየ፤ ባልንጀራውን ግን አላየውም።

ከዚያስ ምን አደረገ? ምንም አላደረገም። አፍሮ ዝም አለ፤ «ፈተና አለብኝ» ብሎም ከቀትር በፊት ወደ መናኸሪያ ሄደ። እፍረት ሁለት ዐይነት ነውና፤ ሰውን ወደ ወንድሙ የሚመልስ እፍረት አለ፥ ከወንድሙ የሚያሸሽ እፍረትም አለ። ተማሪውን አስቀድሞ የያዘው የሚያሸሸው ነበረ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስልክ እንኳ አልደወለም።

በሦስተኛው ሳምንት ግን ከላይ ያነሣነውን መልእክት ሲያነብ ከአራተኛው ምዕራፍ ደረሰ። በዚያ ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ቶሎ እንዲመጣለት፥ ክረምትም ሳይገባ እንዲደርስለት ይለምነዋል፤ በጢሮአዳ ከአክርጳ ዘንድ የተወውን በርኖስና መጻሕፍቱንም ይዞለት እንዲመጣ ይነግረዋል። ተማሪው ከዚህ ላይ ቆመ። ብርድ የሚፈራ ሰው በርኖሱን ይሻል፤ ከበርኖሱም አስቀድሞ የሚያመጣለትን ወዳጁን ይሻል። መጽሐፉን አጥፎ አለቀሰ። ከዚህም በኋላ ከወር ገንዘቡ ብርድ ልብስ ገዛ፥ ቅዳሜ ማለዳም ያንኑ መንገድ ሄደ።

በዚያን ቀን ወደ ሙዚየም አልሄዱም፥ ባቡርም አልተሳፈሩም። ባልንጀራው ከሥራው እስኪመለስ ድረስ ተማሪው በአሮጊቲቱ ቤት ሆኖ ጠበቀው፤ ራቱንም እርሱ ገዝቶ አቀረበ። ባልንጀራውም ብርድ ልብሱን በእጁ እየዳሰሰ ብዙ ዝም ካለ በኋላ፥ «እንግዲህ ሁሉን ዐውቀሃል ማለት ነው። ለእናቴ ግን እንዳትነግርብኝ» አለ። ተማሪውም፥ «አልነግርብህም። አንተም ከእንግዲህ ለእኔ ደኅና ነኝ አትበለኝ፤ ደኅና ካልሆንህ እውነቱን ንገረኝ» አለው። በዚያች ሌሊት ሁለቱም ተኙ።

ከዚህ ምሳሌ ሦስት ነገር እንማር።

አንደኛ፤ ከመሄድህ በፊት ልብህን መርምር። ከተማን ማየት ኀጢአት አይደለም፤ ዐይንንም የሰጠን እግዚአብሔር ነው። ዳሩ ግን ባልንጀራህን መንገድ መሪና ሒሳብ ከፋይ ብቻ ካደረግኸው፥ አጠገቡ ብትውልም አልጐበኘኸውም። ስለዚህ አስቀድመህ፥ «ቅዳሜ ሥራ አለህን? ምን ይዤልህ ልምጣ?» ብለህ ጠይቀው። «ምንም አያስፈልገኝም» ቢልህም ባዶ እጅህን አትሂድ።

ሁለተኛ፤ በቤቱ ሳለህ ዐይንህን ክፈት፥ አፍህን ከማጕረምረም ዝጋ። ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን በላከ ጊዜ፥ በገቡበት ቤት ካለው እንዲበሉና እንዲጠጡ ነገራቸው፤ ይህም በሉቃስ ወንጌል 10፥7 ተጽፏል። ክፍሉ ቢጠብብህ፥ ያካፈለህ ያለውን ሁሉ መሆኑን አስብ። ሒሳብ በቀረበ ጊዜም እጅህ ትቅደም። ጠቢቡ ደግሞ በምሳሌ 25፥17 እግር በባልንጀራ ቤት እንዳይበዛ ያስጠነቅቃል። ታዲያ ሄኔሲፎሩ ስለ ምን ብዙ ጊዜ ተመላለሰ? እርሱ የተመላለሰው ሸክም ሊያቀልል ነው እንጂ ሸክም ሊጨምር አይደለም። እግርህን በዚህ ሚዛን መዝነው።

ሦስተኛ፤ ከተመለስህ በኋላ ምላስህን ጠብቅ። ባልንጀራህ የገለጠልህን ችግር ወሬ አድርገህ ወደ መንደር አትውሰደው። ሰንሰለት ማየት ቀላል ነው፤ ሰንሰለቱን ያየ ሰው ሳያፍርበትና ሳያሳፍረው መቅረቱ ግን የፍቅር ሥራ ነው። ነገር ግን ምስጢርን መጠበቅ ሰውን ብቻውን መተው አይደለም። ባልንጀራህ ታሞ ወይም ተስፋ ቈርጦ ለሕይወቱ የሚያሰጋ ነገር ብታይ፥ ሊረዳው ለሚችል ለታመነ ሰው መንገር ግዴታህ ነው። ስልክህንም አታቋርጥበት።

አንተም በከተማ የምትኖር ወንድሜ ሆይ፤ ለአንተም አንዲት ቃል አለችኝ። ጳውሎስ ሐዋርያ ሲሆን፥ ብዙ አብያተ ክርስቲያናትንም ተክሎ ሳለ፥ በርኖሱን እንዲያመጡለት ለመጻፍ አላፈረም፤ ከሉቃስ በቀር ከእርሱ ጋራ ማንም እንደሌለም አልሸሸገም። አንተ ስለ ምን ታፍራለህ? በቅን ሥራ፥ በሸክምም ቢሆን፥ እንጀራን መብላት ክብር ነው። ባማረ ፎቶግራፍ ኑሮህን በሸፈንኸው መጠን፥ ሊረዳህ የሚችለው ወዳጅህ ካንተ ይርቃል። ፍቅር የሌለህን እንድትሰጥ አያስገድድህም፤ እውነቱን እንድትናገር ግን ይለምንሃል።

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በ25ኛው ምዕራፍ ስለ መጨረሻው ፍርድ ባስተማረ ጊዜ፥ የታረዘን ስለ ማልበስ፥ እንግዳን ስለ መቀበል፥ የታሰረንም ስለ መጠየቅ ተናገረ። በዚያች ቀን ስንት ከተማ እንዳየን፥ በስንት አደባባይም ፎቶግራፍ እንደ ተነሣን አንጠየቅም። በዚያ ከተማ በብርድ ያደረው ወንድማችን ግን ይታወሳል።

እንግዲህ ወዳጄ ሆይ፤ በሚመጣው ቅዳሜ ወደ ከተማ ለመሄድ አስበህ እንደ ሆነ በደስታ ሂድ። በመናኸሪያው ቆሞ የሚጠብቅህን ሰው ግን ከፎቆቹ ሁሉ አስቀድመህ ተመልከተው፤ ፊቱን፥ ጫማውን፥ ዝምታውንም ተመልከት። ሄኔሲፎሩን በሮሜ የመራ አምላክ አንተንም ወደ ባልንጀራህ ልብ ይምራህ። አሜን።