ስምና ግብር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ደቀ መዛሙርት ለመጀመሪያ ጊዜ ክርስቲያን ተብለው የተጠሩት በአንጾኪያ እንደሆነ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 11 ይነግረናል። የአንጾኪያን ቤተ ክርስቲያን የተከሏት ደግሞ ቅዱስ እስጢፋኖስ በድንጋይ ተወግሮ በሞተ ጊዜ ከተነሣው መከራ ሸሽተው የተበተኑ ምእመናን ነበሩ። እንግዲህ ዛሬ የምንጠራበት ስም የተገኘው ስደተኞች በመሠረቱት ጉባኤ ነው። ጉባኤው ከበርናባስና ከሳውል አንድ ዓመት ሙሉ ተማረ፤ ስሙም ተከተለ። በዚያው ምዕራፍ ከስሙ ቀጥሎ የተጻፈልን ሥራ፣ ነቢዩ አጋቦስ ረኃብ እንደሚመጣ በተናገረ ጊዜ እያንዳንዳቸው እንደ አቅማቸው አዋጥተው በይሁዳ ለሚኖሩ ወንድሞች እርዳታ መላካቸው ነው።

በእኛ ዘንድ ግን ስሙ ይቀድማል። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ተጠምቀን፣ የክርስትና ስም ወጥቶልን፣ ማዕተብ ታስሮልን አድገናል። ይህ የአባቶቻችን ሥርዓት የምንኮራበት ነው። ይሁን እንጂ ሳንጠይቅ የተሰጠን ስም አውቀን የምንከፍለው ዕዳ አለበት።

በሀገራችን ሳለን ይህን ስም ጎረቤቱም ደወሉም ይጠብቁልን ነበር። በዐቢይ ጾም ልኳንዳ ቤቱ ሲዘጋ፣ ለመጾም ልብ ያልነበረን እንኳ ጾመኛ መስለን እንውል ነበር። በባዕድ ሀገር ይህ አጥር የለም። ብንጾም የሚያመሰግነን፣ ብንገድፍ የሚወቅሰን ስለሌለ፣ ስደት ልማዳችንን ከእምነታችን የሚለይ ወንፊት ሆኖብናል።

ወንፊቱ የሚያበጥረውም ከቤተ ክርስቲያን የቀሩትን ብቻ አይደለም፤ እሑድ እሑድ ነጠላችንን አጣፍተን የምንመጣውንም ጭምር ነው። ዜማው፣ የዕጣኑ መዓዛና ቋንቋችን ናፍቆን ልንመጣ እንችላለን። ናፍቆቱ ኃጢአት አይደለም፤ ነገር ግን ናፍቆት ብቻውን እምነት አይሆንም። በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆኑ እርስ በርሳችን ሰላምታ እንድንሰጣጥ ሲያዝ ካኮረፍነው ወንድም ፊታችንን ካዞርን፣ ከቅዳሴም በኋላ ማደሪያ የሌለውን አዲስ ስደተኛ በደጀ ሰላሙ ብቻውን ትተን ከሄድን፣ ማዕተባችን ምን ይመሰክርልናል? አምናለሁ ማለት ብቻ ቢበቃማ፣ ቅዱስ ያዕቆብ እንዳስተማረን፣ እምነት ለአጋንንትም ባልጎደላቸው ነበር።

ስለዚህ ከሚመጣው እሑድ በፊት ያኮረፍነውን ቀድመን እናነጋግር፤ እንግዳውንም ስሙን ጠይቀን ከማዕዳችን እናቅርበው። በስሙ የጠራን አምላክ በግብርም የእርሱ ያድርገን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።