የቅሬው ደብተር

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ወዳለው ቀበሌያችን በገባን በሳምንቱ የቅሬው ዳኛ አስጠሩንና «እናንተ ተምራችኋል፤ እስቲ ይህን ሒሳብ ተመልከቱልን» አሉን። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን በእኛ በወሎ ቅሬ ይሉታል፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ባንድነት የሚቀባበርበት ማኅበር ነው። ከዳኛው እስከ ጥሩምባ ነፊው ደሞዝ የሚባል ነገር የለም።

ነገሩን እንደ ቀላል ቆጥረነው ነበር። ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው መደመርና መቀነስ ያቅተዋል? ደብተሩን ስንገልጠው ገቢው አንድ ብር ሳይቀር ተጽፏል፤ ወርኃዊ መዋጮው፣ ከቀብር የቀረ ሰው የከፈለው መቀጫ፣ ለድንኳን የተዋጣው ሁሉ በየስሙ ሰፍሯል። ወጪው ዘንድ ስንደርስ ግን «ለጉዳይ» ብቻ የሚል መስመር በዛብን። ሁለት ቀን ደምረን ብንቀንስ 2,640 ብር ጎደለ። ገንዘብ ያዡ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ አዛውንት ናቸው። ስንጠይቃቸው ዝም አሉ፤ ቆይተው «ሌሊት በሽተኛ በቃሬዛ አውርደን መኪና ስንለምን ደረሰኝ ማን ይሰጠኛል? ልጆቼ፣ እኔን ነው የምትመረምሩ?» አሉ። አንገታችንን ደፋን።

ለመሆኑ ያለ ደሞዝ ያገለገለን ሰው «ሒሳብህን አምጣ» ማለት ውለታውን መካድ አይደለም ወይ? ከመካከላችን እንዲያ ያሉ ነበሩ። ቅሬ የቆመው በመተማመን ነው፤ መንግሥት እንኳ በ2011 ዓ.ም. ባወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ዕድርና እቁብን ከአዋጁ ውጪ አድርጎ ለባለቤቶቹ ትቶታል፤ እኛ ማን ሆነን ነው ኦዲተር የምንሆነው? አሉ።

ነገሩ ልብ ይነካል፤ ግና አንድ ሰው ተረስቷል። ገንዘቡ የአዛውንቱም የእኛም አይደለም፤ ነገ ሐዘን የሚመጣባት ሴትዮ ናት ባለቤቱ። እኛ «ይቅር» ብንል በእሷ ኪስ ቸር መሆናችን ነው። ደግሞስ አዛውንቱ ድንገት ቢሞቱ? ለማን እንደከፈሉ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ሐሜቱን የሚወርሱት ልጆቻቸው ናቸው። ባንክ ሦስት ፊርማ የሚጠየቀው ሦስቱም ሌባ ስለሆኑ ነው እንዴ?

ይህን ደግሞ የቅሬው ሰው ከእኛ በፊት ያውቀዋል። በቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ ብድር በጽሑፍ እንዲሰፍር፣ ምስክርም እንዲቆም የሚያዝዘው ነው። ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው ሁለተኛ መልእክቱ ለድሆች የተዋጣውን ገንዘብ ከሌሎች ጋር ሆኖ የሚያደርሰው ማንም እንዳይነቅፈው መሆኑን ይናገራል። ሐዋርያው ያልተጸየፈውን እኛ ስድብ ነው ብለን መፍራታችን ይገርማል።

ይሁንና ደብተሩን ደግመን ስናገላብጥ ሌላ ነገር አሳፈረን። አንዲት ሴት በአንድ ወር ሦስት ጊዜ መቀጫ ተጽፎባታል፤ አራስ እንደነበረች መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ደብተሩ ግን አያውቅም። መቀጫው በስሟ፣ በቀኑ ሰፍሯል፤ ሹሞቹ ያወጡት ግን «ለጉዳይ» ነው። ከድሃ ሲቀበል ዓይኑ የበራ መዝገብ፣ በሹም እጅ ሲወጣ ለምን ይታወራል? አዛውንቱን ከመመርመር ይልቅ ይህ ነበር መጠየቅ የነበረበት፤ እኛም ዘግይተን ነው ያየነው።

በስብሰባው ቀን «2,640 ብር፤ ለሕሙማን ማጓጓዣ ወጣ የተባለ፤ ደረሰኝ የሌለው» ብለን ጽፈን በጉባኤው ፊት አነበብን። ጥቂት ጸጥታ ሆነ። ከኋላ አንድ ሰው ተነሣና «እኔን ነው የወሰዱኝ፤ ለመኪናው 900 ብር ሲከፍሉ አይቻለሁ» አለ። ሌላዋም 600 ብር መሰከረች። ሁለቱም በቃለ ጉባኤ ተያዘ፤ የአራሷም መቀጫ ተሰረዘ።

1,140 ብር ቀረ። አዛውንቱ «በስሜ ጻፉት፤ እከፍላለሁ» አሉ። ዳኛው እምቢ ብለው «ያልተወራረደ» ተብሎ እንዲቆይ አዘዙ፤ እንደዚያው ተጻፈ። ከእኛ ሁለቱ ዳኛው ተሳስተዋል ይላሉ፤ በዚህ ነገር እስከ አሁን አልተስማማንም።