ሣሩን ከሰማይ የሚያይ ዳኛ

ከነገሌ ቦረና ወጣ ብሎ የተዘረጋው የሊበን ሜዳ በዓለም የወፍ አጥኚዎች ዘንድ ስሙ የታወቀው በአንዲት ትንሽ ወፍ ሳቢያ ነው። ከዚህ ሜዳና ከጅግጅጋ አካባቢ በቀር የትም የማትገኘው ይህች ወፍ ጎጆዋን የምትሠራው ሣር ውስጥ ነው። ሣሩ ደግሞ ከዓመት ዓመት እየሳሳ፣ ቦታውን ለግራርና ለቁጥቋጦ እየለቀቀ፣ ከፊሉም እየታረሰ መጥቷል። የቆላው አርብቶ አደር ድሮ ግጦሹን በእሳት ያድስ ነበር። በደርግ ዘመን እሳት መለኮስ ከተከለከለ በኋላ ግን እሾሃማው ቁጥቋጦ ሰፊውን የቦረና ምድር እየወረሰ ሄደ። ፍየልና ግመል ይቀነጥሱታል፤ ላም ግን አትጠግብበትም። ከላይ ሆኖ ለሚያየው አረንጓዴ ነው።

ነገሩ የወፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለተፈጥሮ ጥበቃ ሰዎች በተተወ ነበር። በደቡቡ ቆላ ግን ከሰማይ የሚታየው አረንጓዴ የገንዘብ ጉዳይ ከሆነ ከአሥር ዓመት በላይ አልፎታል። እ.ኤ.አ. በ2012 ኦሮሚያ ኢንሹራንስ ከዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ኢንስቲትዩት (ኢልሪ) እና ከአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በቦረና ዞን አዲስ ዓይነት የእንስሳት መድን መሸጥ ጀመረ። ሐሳቡ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ከድንበሩ ማዶ፣ በኬንያዋ ማርሳቢት ተሞክሮ ነበር። ሥራውን ከመሩት አንዱ ኬንያዊው የምጣኔ ሀብት ባለሙያ አንድሩ ሙዴ በዚሁ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2016 በኖርማን ቦርላግ ስም የሚሰጠውን የመስክ ምርምር ሽልማት ተቀብሏል። የዓለም የምግብ ፕሮግራም ደግሞ ተመሳሳዩን መድን በሶማሌ ክልል እ.ኤ.አ. በ2018 አስጀመረ።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ጤነኛ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይውጣል፤ ዓይን የማያየውን ከቀይ ባሻገር ያለውን ብርሃን ደግሞ መልሶ ያንጸባርቃል። ሳተላይቱ የሁለቱን ልዩነት ይለካል። የሚለካው ምድር ጎኑ 250 ሜትር በሆነ አራት ማዕዘን ተከፋፍሏል፤ የአራት ማዕዘኖቹ ውጤት ተደምሮ የወረዳው አማካይ ይወጣል፤ አማካዩ ካለፉት ዓመታት መዝገብ ጋር ይመሳከራል። የወቅቱ ልምላሜ አስቀድሞ ከተቆረጠው መስመር በታች ከወረደ በዚያ ወረዳ ዓረቦን የከፈለ ሁሉ እንደ ከብቱ ብዛት ካሳ ያገኛል። ማንም መጥቶ የሞተ ከብት አይቆጥርም፣ ቆዳ አምጣ አይባልም፣ ምስክር አይጠራም።

የዚህ መድን ጠቃሚነትም ችግሩም ያለው እዚሁ ላይ ነው።

ጠቃሚነቱን ማቃለል ተገቢ አይሆንም። ከያቤሎ እስከ ሞያሌ ተበትኖ ለሚሰማራ ከብት ገማች ይላክ ቢባል የመኪናው ነዳጅ ብቻ ከካሳው ይበልጣል። ገማቹ ሰው ነውና ዘመድ አለው፣ የሚፈራው ባለሥልጣን አለው፣ ኪስም አለው። ቦረና፣ ጉጂ፣ ገብራ፣ ገሪና ደጎዲ ውኃና ግጦሽ ሲሻሙ በኖሩበት ምድር የአንድን ወገን ኪሳራ የሌላው ወገን ሰው ቢገምተው ማን ያምነዋል? ሳተላይት ጎሳ አያውቅም። ለሀብታሙና ለድሃው ዋጋው አንድ ነው። ለፊት አያደላም የሚባለውን ዳኛ ሰው ሲመኝ የኖረ ሲሆን፣ እነሆ በእርግጥም የማንንም ፊት የማያይ ተገኝቷል።

ይሁንና ፊት አለማየት ሁለት መልክ አለው። ላሞቹ ያለቁበት ሰው የወረዳው አማካይ ከመስመሩ በላይ ከቆመ ሳንቲም አያገኝም። ከጎረቤቱ ቀበሌ ዘንቦ ሊሆን ይችላል፤ ቁጥቋጦው አረንጓዴ ሆኖ ሣሩ አልቆ ሊሆን ይችላል፤ ከብቶቹን በሽታ ወይም ዘራፊ ወስዷቸው ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው አንዲት ፍየል እንኳ ያልሞተችበት ሰው አማካዩ ስለወረደ ብቻ ይከፈለዋል። የመድን ባለሙያዎች ይህን ክፍተት ያውቁታል፤ ስምም አውጥተውለት በቀመር ያሰሉታል፤ ለማጥበብም ይደክማሉ። ላሙ ለሞተችበት ሰው ግን ክፍተቱ ስሌት አይደለም።

የሀገሪቱም ሕግ ከዚህ ጋር በቀላሉ አይገጥምም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ በአንቀጽ 678 የንብረት መድን የካሳ ውል መሆኑን፣ ካሳውም ንብረቱ ጉዳቱ በደረሰበት ቀን ከሚያወጣው ዋጋ ሊበልጥ እንደማይችል ይደነግጋል። ያልተጎዳ አይካስም፤ የተጎዳም ከጉዳቱ አብልጦ አይወስድም ማለት ነው። የሰማዩ መድን ግን ጉዳት ደረሰ ወይ ብሎ አይጠይቅም። ይህን ጥያቄ በመተው ነው ርካሽ የሆነው።

ሃይማኖት አጥባቂው ቆላ ደግሞ የራሱ ጥያቄ አለው። በቦረናና በሶማሌ ምድር ሙስሊሙ ብዙ ነው። የእስልምና ሕግ ውጤቱ የማይታወቅ ግብይትን፣ ቁማርንና ወለድን ይከለክላል። ዘንድሮ ዝናብ ይቀራል ብሎ ገንዘብ መክፈል፣ ከቀረ መቀበል፣ ካልቀረ የከፈሉትን ማጣት፤ ይህ ከውርርድ በምን ይለያል? ኬንያ ውስጥ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሞከረው ታካፉል ኢንሹራንስ የተባለው ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በዋጂር መድኑን ሲያቀርብ መሠረቱን ወደ መረዳዳት መለሰው። አባላቱ የሚያዋጡት እርስ በርስ ለመደጋገፍ በስጦታ መልክ ነው፤ ኩባንያው የጋራውን ገንዘብ ያስተዳድራል እንጂ ባለቤቱ አይደለም። ሳተላይቱ ያው ሳተላይት፣ ቀመሩም ያው ቀመር ነው። የተለወጠው በሰዎቹ መካከል ያለው ግንኙነት ነው። የሃይማኖት ሊቃውንቱ ያነሱት ነገር የብዙ ፖሊሲ አውጪዎችን ዓይን ያመለጠ ይመስላል። መሣሪያው በራሱ ፍትሐዊም ኢፍትሐዊም አይደለም፤ ገንዘቡ የማን ነው፣ ያላገኘውስ ምን ይባላል የሚለው ነው የሚወስነው።

የኦሮሞን ነባር እምነት የሚከተለው ዋቄፈታ አርብቶ አደርም ዝናብ የፈጣሪ፣ የዋቃ መሆኑን ያውቃል፤ ያ እምነት ግን ከመረጃ አላራቀውም። በደቡብ ኢትዮጵያና በሰሜን ኬንያ አርብቶ አደሮች ላይ የተሠራ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት እንዳሳየው የታረደ ከብት አንጀት አይተው፣ ከዋክብት ቆጥረው የሚተነብዩ አዋቂዎች ባሉበት ምድር የሜትሮሎጂ ትንበያ የደረሳቸው ሰዎች ግምታቸውን እንደዚያው አስተካክለዋል። ስለዚህ «ኋላ ቀር ስለሆኑ ቴክኖሎጂ አይገባቸውም» የሚለው የአዲስ አበባ ቢሮዎች ወግ እዚህ ቦታ የለውም።

ታዲያ ቦረናዎች ከሳተላይቱ በፊት ከብቱ ያለቀበትን ሰው ምን ያደርጉ ነበር? ቡሳ ጎኖፋ የሚባል ሥርዓት አላቸው። ጎሳው ይሰበሰባል፤ ሰውዬው ምን እንደደረሰበት ይናገራል፤ ይጠየቃል፤ ከዚያ ከየቤቱ ላም ተዋጥቶ መንጋው እንደገና ይቆምለታል። የኦሮሚያ ክልልም በቅርብ ዓመታት ይህንኑ ስም ወስዶ የመንግሥት መረዳጃ ተቋም አድርጎታል። ቡሳ ጎኖፋ ከሳተላይቱ ጋር ፊት ለፊት የሚጋጭ ፍትሕ ነው። አማካይ አያውቅም፤ ሰውዬውን፣ አባቱን፣ ላሞቹንም በስማቸው ያውቃል።

የጥንቱን አወድሶ አዲሱን መውቀስ እዚህ ላይ ቀላል ይሆን ነበር። ማስረጃው ግን አይፈቅድም። ሳንቶስና ባሬት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት በቦረና ሰው ለሰው የሚሰጠውና የሚያበድረው ከብት ጨርሶ ለደኸየው ብዙም እንደማይደርስ አሳይተዋል። ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ መንጋው ከ15 ከብት ገደማ በታች የወረደበት ቦረና ዳግም ወደ ላይ መውጣት እንደሚያቅተው አመልክቷል። ሰው የሚረዳው ነገ ሊመልስለት የሚችለውን ነውና ከዚያ መስመር በታች የወደቀው ከመረዳዳቱም ይወድቃል። ሰውን በስሙ የሚያውቅ ዳኛ ተስፋ የለውም የሚለውንም በስሙ ያውቀዋል ማለት ነው። ሳተላይቱ እንዲህ ያለውን ንቀት አያውቅም፤ ዓረቦኑን ከከፈለ 2 ላም ያለውም ይካሳል። ክፈል የተባለውን ከየት እንደሚያመጣ ግን አይጠይቅም።

አሪስቶትል በሥነ ምግባር መጽሐፉ ሕግ ለሁሉ በጅምላ ስለሚናገር እያንዳንዱን ጉዳይ ሊያገኘው እንደማይችል ይገልጻል። ስለዚህ ከሕጉ ጎን ሕጉን የሚያቃና ርትዕ ያስፈልጋል ብሎ የሌስቦስን ግንበኞች በምሳሌነት ያነሳል፤ የእርሳስ ማስመሪያቸው ከድንጋዩ ቅርጽ ጋር አብሮ ይጎብጣል። የወረዳ አማካይ የሚጎብጥ ማስመሪያ አይደለም። እንዲጎብጥ ቢደረግ ደግሞ የገማቹ ዘመድና ኪስ ተመልሰው ይገባሉ። የጉዳዩ ቋጠሮ እዚህ ነው፤ እስካሁንም በስሌት አልተፈታም።

ማስመሪያው ራሱ በማን እጅ ተሰመረ የሚለውም ይታሰብበት። ሳተላይቱ ገለልተኛ ቢሆንም አማካዩ የሚሰላበት ወረዳ ከሰማይ አልወረደም። ከብቱ ግጦሽ ፍለጋ ወረዳ ያቋርጣል፤ ውሉ ግን ወረዳው ውስጥ ይቀራል። በዚህ ምድር ደግሞ የካርታ መስመር የዋዛ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 የክልሉ መንግሥት ነገሌን ማዕከል አድርጎ የምሥራቅ ቦረና ዞንን ሲያቋቁም በጉጂ ዞን ከተሞች ተቃውሞ ተነሥቷል። ሞያሌ ከተማ ለሁለት ክልሎችና ለሁለት ሀገሮች ተከፍላ የምትኖር ናት። መስመር በተዛወረ ቁጥር አማካዩም ይዛወራል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተደረገ አንድ ሌላ ነገርም አለ። ተመራማሪዎቹ መድኑ የሚያመጣውን ለውጥ ለመለካት በዕጣ ለተመረጡ ቤተሰቦች የዓረቦን ቅናሽ ኩፖን አደሉ፤ ለአንዱ ጥቂት፣ ለሌላው እስከ 80 በመቶ፣ ለሌላው ምንም። ለሳይንሱ ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው፤ ዕጣ ባይኖር ኖሮ ስለዚህ መድን ዛሬ የሚታወቀው ግማሹ አይታወቅም ነበር። ቢሆንም አንድ መንደር ውስጥ እኩል የተቸገሩ ሁለት ሰዎች አንዱ በሙሉ ዋጋ፣ ሌላው በአንድ አምስተኛው ሲገዙ ለምን ብሎ ለሚጠይቀው «ዕጣህ ነው» የሚለው መልስ በጎሳ ጉባኤ ፊት ቢቀርብ እንዴት ይታይ እንደነበር መገመት አያስቸግርም።

እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሳኩ ቀርተው በሚሊዮን የሚቆጠሩ እንስሳት ሲያልቁ የድጋፍ መዝገቦች እየተበራከቱ መጡ። በመላ ሀገሪቱም የዲጂታል መታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት አገኘ። ነገ የመድንም የሴፍቲኔትም ገንዘብ በጣት አሻራ ይከፈላል ቢባል የሚገርም አይሆንም። ከድንበሩ ማዶ ግን የሚያስጠነቅቅ ታሪክ አለ። በጋሪሳና በአካባቢው ያሉ ኬንያዊ ሶማሌዎች በችግር ጊዜ ለራሽን ሲሉ ከነልጆቻቸው በስደተኞች መዝገብ ገብተው የጣት አሻራ ሰጡ። ልጆቹ አድገው ብሔራዊ መታወቂያ ሲጠይቁ መዝገቡ «ስደተኛ ናችሁ» አላቸው፤ ብዙዎች ለዓመታት መታወቂያ አጥተው ኖሩ። የእህል ወረፋ ላይ የተሰጠ አሻራ ዜግነትን እስከ መካድ ደረሰ።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን ማውጣቷ ለእንዲህ ዓይነቱ አደጋ አንድ አጥር ነው። የሳተላይቱን ነገር ግን አዋጁ አይነካውም። ሳተላይቱ የሚያየው ሣር እንጂ ሰው አይደለም፤ የማንንም ስም፣ የማንንም አሻራ አይመዘግብም። የግል መረጃን የሚጠብቅ ሕግ ምንም የግል መረጃ ሳይነካ የአንድን ቤተሰብ ዕጣ የሚወስን ማሽን ሲገጥመው የሚይዘው ነገር የለውም። ስለ ቴክኖሎጂና ፍትሕ ሲወራ ሁሌ የሚነሣው «መረጃዬን ማን አየው» የሚለው ነው። እዚህ ቆላ ግን የሰዎቹ ጥያቄ «እኔን ለምን ማንም አላየኝም» የሚል ነው።

ቦረናዎች ለዚህ የሚሆን ልማድ አላቸው። ቱላ በሚባሉት ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች የውኃውን ወረፋ የሚመራ አባ ሄሬጋ አለ፤ ተራዬ ተዘለለ የሚል ሰው የሚከራከርበት ስብሰባም አለ። በየ8 ዓመቱ በጋዮ የሚደረገው ጉሚ የተባለው ጉባኤ ደግሞ ሕጉን ራሱን ይመረምራል፤ የገዳው አባቶችም እዚያ ይወቀሳሉ። ይህ ምድር ፍርድን ያለ ሙግት አያውቅም።

የመድኑ መስመር ከዚህ ሙግት ውጭ መቅረቱ የቴክኖሎጂው ግዴታ አይደለም፤ አስተዳደራዊ ምርጫ ነው። ገንዘቡ ወደ ወረዳው መቼና ምን ያህል ይግባ የሚለውን ሳተላይቱ ይወስን፤ ከዚያ ውስጥ አንድ ድርሻ አማካዩ ለሳታቸው ሰዎች ይቀመጥና ማን ይውሰደው የሚለውን ደግሞ ጎሳው ይወስን ቢባል ሁለቱ ዳኞች አንዱ የሌላውን ዕውርነት በከፊል ይሸፍን ነበር። ሽማግሌዎቹ ጨርሶ የደኸየውን ዘለሉት የሚባል ከሆነ ድርሻው ከ15 ከብት በታች ላለው ብቻ ነው ብሎ መገደብ ይቻላል። ቁጥቋጦውን ከሣር ለመለየትም የየቀበሌው እረኛ በየወቅቱ ግጦሹ ላም ይጠግብበታል አይጠግብበትም ብሎ የሚሰጠውን ቃል ከሳተላይቱ ቁጥር ጎን ማስፈር አያቅትም፤ ቃሉ ካሳውን ባይወስን እንኳ መስመሩ በሚከለስበት ጊዜ ማስረጃ ይሆናል። የሚቀረው መስመሩን በየስንት ዓመቱ፣ በማን ፊት፣ በየትኛው ቋንቋ መከለስ እንዳለበት ነው። ይህ ደግሞ ለኩባንያው፣ ለክልሉ መንግሥትና ለዓረቦን ከፋዩ አርብቶ አደር በጋራ የተተወ ጉዳይ ሲሆን፣ ከሦስቱ ስብሰባ ለመጥራት የሚያስችል ሥልጣን ያላቸው ሁለቱ ናቸው።