ኩላሊቱን ማን ጠየቀ?

የፎገራ ገበሬ በሩዝ አረም ወቅት ጎንበስ እንዳለ ይውላል። ማታ ቀና ማለት ያቅተዋል። ወረታ ሲወጣ መድኃኒት ቤት ጎራ ይልና «ዶክተር፣ የወገብ ስጠኝ» ይላል። አንተም፣ መድኃኒት ሻጩ፣ እሽጉን በመቀስ ትቆርጥለታለህ፤ ስሙና የአገልግሎት ማብቂያው በቀረው ቁራጭ ላይ ነው። «ጠዋትና ማታ» ብለህ ወደ ቀጣዩ ትዞራለህ።

ደም ግፊት አለብህ? ስኳርስ? እግርህ ያብጣል? ሌላ የምትውጠው አለ? ይህን መጠየቅ ምን ያስከፍልህ ነበር? የኩላሊት ድካም ብዙ እስኪገፋ ምልክት ስለማያሳይ ገበሬው ራሱ ላያውቀው ይችላል። ተምረህ ፈቃድ ያወጣኸው ግን አንተ ነህ። «ኩላሊቴን ነው የሚያመኝ» ብሎ ለመጣው እንኳ፣ ኩላሊት የሚጎዳውን የሕመም ማስታገሻ፣ ዲክሎፌናክን፣ ስትሰጥ እጅህ አይንቀጠቀጥም! የግፊት መድኃኒት የሚወስድ፣ ፀሐይ ላይ ላቡን ሲያፈስ የዋለ ሰው ቢሆንስ?

ለወገብ የሚሰጡት ጡንቻ የሚያላሉ መድኃኒቶች ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው። ከእነሱ አንዱ የሆነው ባክሎፌን በአብዛኛው ሳይለወጥ በሽንት ነው የሚወጣው። ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ ይጠራቀማል፤ ለጤነኛ ልክ የሆነው መጠን ለታማሚው መርዝ ይሆናል። ሰውየው ይደነዝዛል፣ ይቀባዥራል፣ ራሱን ይስታል። ቤተሰቡ ክፉ መንፈስ ነው ብሎ ጠበል ሊወስደው ይችላል፤ ክኒኑን ማን ያስታውሳል?

ካናዳ ውስጥ ኩላሊታቸው የደከመ ወደ 16 ሺህ አረጋውያን ተጠንተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 እንደታተመው፣ በቀን 20 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ባክሎፌን ከጀመሩት ከመቶ 1 የሚበልጡት በ30 ቀን ውስጥ አእምሯቸው ታውኮ ሆስፒታል ገብተዋል። ባነሰ መጠን የጀመሩት ከ1000 4 ያህል ነበሩ። ያ እንኳ ሐኪም አዝዞት፣ መዝገብ ይዞት ነው። በመቀስ ተቆርጦ የተሸጠውን ማን ይመዘግበዋል?

ሐኪሙም ከተጠያቂነት አያመልጥም። የኩላሊትን አቅም የሚያሳየውን ክሬአቲኒን ሳያስለካ ለአዛውንት ባክሎፌን የሚያዝ፣ ማዘዣ መጻፉ ከሻጩ አይለየውም። ያለ ማዘዣ የሚሸጠው ደግሞ ሕግ እየጣሰ መሆኑን ጠንቅቆ ያውቃል፤ አላወቅሁም ቢል አላምነውም።

አንተ አንባቢ፣ የጎረቤትህን የወገብ ክኒን ተውሰህ አትዋጥ። ባክሎፌን ስትወስድ የቆየህ ከሆነ ግን ደንግጠህ በአንድ ጊዜ አታቁም፤ ድንገት ማቋረጥ ሰውነትን ሊያንቀጠቅጥና ሊጥል ይችላል። እሽጉን ይዘህ ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ ኩላሊትህን ይመርመርልህ።